«ቡዳ» ሲሉኝ «አቤት» ያልኩበት ቀን

ይህ ነገር የደረሰብኝ ባለፈው ኦክቶበር፣ የዳላስ ሙቀት በረድ ባለበት ሰሞን ነው። ዕድሜዬ ሰባ ስድስት ሆኗል። ብዙ ነገር ይጠፋብኛል፤ ያን ቀን ግን አልረሳውም። ስድሳ ዓመት ሙሉ ስሸሸው የኖርኩት ስም እዚህ ድረስ ተከትሎኝ መጥቶ፣ ያውም ሰው ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ በሚሄድበት ሙዚየም ውስጥ አገኘኝ።

ትምህርት የለኝም። ፊደል የቆጠርኩት ጎልማሳ ሆኜ በመሠረተ ትምህርት ነው፤ አጻጻፌ ቢጎረብጥ አንባቢ ይታገሰኝ። በእጄ የጻፍኩትን ታይፕ ያደረገችልኝ ልጄ ናት። አንድም ነገር እንዳትቀንስ ነግሬያታለሁ።

ልጄ ህሊና ትባላለች። ነርስ ናት። እናቷ ካረፈች ወዲህ ከዳላስ አጠገብ ጋርላንድ ከተማ፣ አፓርታማ ውስጥ ሁለታችን ነን የምንኖረው። ወደዚህ አገር የመጣችው ሦስት ዓመት ሲሞላት ስለሆነ አማርኛዋ እዚያው ሦስት ዓመቷ ላይ ቀርቷል ብዬ እቀልድባታለሁ። ዳዊት ከሚባል ልጅ ጋር ተዋደዱ። ልጁ ኤርፖርት ይሠራል፤ ቤተሰቡ ዩለስ የምትባል ጎረቤት ከተማ ነው ያሉት። አባቱን አቶ ግርማን ከቤተ ክርስቲያን አውቃቸዋለሁ።

አቶ ግርማ ክፉ ሰው አይደሉም። ይህን አስቀድሜ ልበል። ባለቤቴ ያረፈች ጊዜ ሦስቱንም ቀን ከዩለስ እየነዱ መጥተው ወንበር የደረደሩት እሳቸው ናቸው። ግን አጥብቀው የሚይዙት ነገር አለ፤ ትውልድ መቁጠር። ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ሰባት ቤት ይቆጠር፣ ልጆቹ ሳያውቁት ዘመድ እንዳይሆኑ አሉ። ደንብ ነውና አልተቃወምኩም። ወረቀት ሰጡኝ። በአባቴ በኩል እስከ ሰባት ሞላሁት። በእናቴ በኩል «ዘነበች» ብዬ ጻፍኩና እስክሪብቶውን አስቀመጥኩ። የቀረውን አላስታውስም አልኳቸው።

አስታውሳለሁ። እናቴ ሸክላ ሠሪ ነበረች።

የተወለድኩት ከደብረ ብርሃን ወረድ ብሎ ባለ አገር ነው። አባቴ ገበሬ ነበር፤ እናቴን በማግባቱ ወገኖቹ ገለል አድርገውታል። እኔ ገና ሳልጠነክር ሞተ፤ እሷ በጭቃ አሳደገችኝ። እንስራ ትሠራለች፣ ጋን ትሠራለች፣ ማድጋ ትሠራለች። የአገሩ ሰው ሁሉ ውሃ የሚጠጣው ከእሷ እንስራ ነው፤ ከእሷ እጅ ግን አይጠጣም። ገበያ ላይ እህሉን መሬት አፍስሶላት እንስራውን አንስቶ ይሄዳል እንጂ እጅ ለእጅ አይቀባበላትም። የሰው ልጅ ሲያመው፣ የላም ወተት ሲነጥፍ፣ ዓይን ሁሉ ወደ እኛ ጎጆ ነው። ጠይብ ይሉናል፤ ሲብስ ቡዳ።

እዚህ ተወልዶ ለማያውቅ ልጅ፣ ቡዳ ማለት በዓይኑ ሰው የሚበላ፣ ቀን ሰው ሆኖ ውሎ ሲመሽ ጅብ የሚሆን ነው ይባላል። እናቴ ሲመሽ ስትሆን ያየሁት ደካማ ሴት ነው። እግሯን ለብ ባለ ውሃ ታጥባ ትተኛ ነበር፤ ሌላ አልሆነችም።

በአሥራ አራት ዓመቴ አዲስ አበባ ገብቼ ጋራዥ ውስጥ መኪና አጣቢ ሆንኩ። እዚያ የእናቴን ሙያ የሚያውቅ የለም። አንድ ቀን እሷ ራሷ በአውቶቡስ መጣች፤ ጭድ የተጠቀለለበት እንስራ በጀርባዋ አዝላ። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ማን ናት አለኝ።

«ያገሬ ሰው ናት» አልኩት።

ሰማችኝ። ፊቷን ወደ ልጁ አዞረችና «አዎን፣ ያገሩ ሰው ነኝ፤ እናቱ ይህን አድርሺልኝ ብላኝ ነው» አለችው። እንስራውን አውርዳ፣ ጭዱን አራግፋ ሄደች። ከሁለት ዓመት በኋላ ስትሞት ለቀብሯ አልደረስኩም። ይህን ለባለቤቴም ለልጄም ተንፍሼ አላውቅም ነበር።

እንግዲህ ወደዚያ ቀን ልመለስ።

ሙዚየም እንሂድ ያለችው ህሊና ናት። ሁለት አባቶች ሳሎን ተቀምጠው ከሚፋጠጡ ወጣ ብለው ይቀራረቡ ብላ ነው፤ ዳዊት ሥራ ነበረበት። መሐል ዳላስ የጃፓንና የቻይና የጥንት ዕቃ የሚታይበት ቤት አለ፤ በነጻ ነው የሚገባው። እኔ እዚያው አካባቢ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ፤ በትንሿ መስኮት እጄን እየዘረጋሁ ቲኬት ስሰጥ፣ ስቀበል። ያን ቤት በየቀኑ አየው ነበር፤ ገብቼ ግን አላውቅም። አቶ ግርማ በራሳቸው መኪና ከዩለስ መጥተው ስንት ጊዜ ዞረው ፓርኪንግ አጡ። በስልክ ወደ ግራ፣ አሁን ወደ ቀኝ፣ ያን ቀይ ግንብ ይለፉ እያልኩ አስገባኋቸው። «እርስዎ የዚህ ከተማ ባላባት ነዎት» ብለው ሳቁ። ቀኑ በደህና ነው የጀመረው።

አስጎብኚዋ ጸጉሯ እንደ ጥጥ የነጣ ቀጭን አሮጊት ናት። በፈቃዷ የምታገለግል እንጂ ደመወዝ የላትም አለችኝ ህሊና። የመጀመሪያው ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ዓይኑን ጨፈን ያደረገ ትልቅ የድንጋይ ምስል አለ። ጆሮው ረጅም ነው፤ አንድ እጁን አትፍሩ እንደሚል አንስቷል። ሴትዮዋ በእጇ እያመለከተች ብዙ ተናገረች። እኔና አቶ ግርማ ከዚያ ሁሉ ንግግር አንዲት ቃል ሰማን። ቡዳ።

አቶ ግርማ አማተቡና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። ሴትዮዋ ደግማ ቡዳ አለች። ወደሚቀጥለው ምስል ወሰደችን፤ እሱም ቡዳ ነው። ከእንጨት የተጠረበውም ቡዳ፣ ከነሐስ የፈሰሰውም ቡዳ።

«ይቺ ሴትዮ ምን ነካት?» አሉ አቶ ግርማ። «ቤቱን ቡዳ ሞልተውት ሰው በነጻ ያስገባሉ? ለካ ያለ ነገር አይደለም በነጻ የሆነው።»

ህሊና ሳቋ አመለጣት። «ጋሽ ግርማ፣ አትፍራ… ማለቴ አይፍሩ። ቡዳ የሰውዬው ስም ነው። የሃይማኖታቸው አስተማሪ ነው፣ በጣም ጥሩ ሰው ነበር።»

«ጥሩ ቡዳ» አሉ አቶ ግርማ። ጠባቂው ዞር ብሎ እስኪያየን ድረስ ሦስታችንም ሳቅን። እኔም የሳቅኩት ከልቤ ነው።

ከዚያ ልጄ የእኛው ቡዳ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀች። አቶ ግርማ ደስ ብሏቸው አስረዷት። ጠይቦች ናቸው አሏት፤ ብረት የሚቀጠቅጡት፣ ሸክላ የሚሠሩት። ዓይናቸው ይበላል፤ አንዲት አክስቴን ገና በልጅነቷ በልተውብኛል አሉ። ሰባት ቤት የሚቆጠረው ለዝምድናው ብቻ አይደለም፣ እንዲህ ያለው ዘር ሾልኮ እንዳይገባም ነው አሏት። ይህን ሲሉ ሳቃቸው አልነበረም። ህሊና ኦኬ፣ ኦኬ እያለች ሰማችና ወደ እኔ ዞረች።

«አባዬ፣ አንተም ታምናለህ?»

«የድሮ ወሬ ነው» አልኩና ወደሚቀጥለው ክፍል ቀደምኩ። አንድ ቃል ውሸት አልተናገርኩም። ግን «ያገሬ ሰው ናት» ያልኩ ዕለትም ውሸት አልተናገርኩም ነበር።

በሚቀጥለው ክፍል የሐር ልብስ፣ ከአረንጓዴ ድንጋይ የተፈለፈለ ጽዋ፣ እንደ እንቁላል ቅርፊት የሳሳ ሲኒ ነበር። ሁሉም በመስታወት ውስጥ ነው። በመጨረሻ ግን መስታወት የሌለበት አንድ ዕቃ ለብቻው ቆሟል። እንስራ ነው። እነሱ ምን እንደሚሉት አላውቅም፣ ለእኔ እንስራ ነው። ሆዱ ሰፊ፣ አንገቱ አጭር፣ መልኩ የተቃጠለ አፈር፣ ትከሻውን አመድ የላሰው።

ህሊና ከሥሩ የተጻፈውን አነበበችልን። ከጃፓን ነው፤ ብዙ መቶ ዓመት ሆኖታል፤ ገበሬዎች ዘር ያስቀምጡበት ነበር፤ የሠሪው ስም አይታወቅም ይላል። አቶ ግርማ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ዙሪያውን ዞሩት።

«ጥበብ ማለት ይህ ነው» አሉ። «አየሽ ልጄ፣ ጥበበኛ ሕዝብ ናቸው። የእኛም አገር እንዲህ ያለ ሰው ቢኖራት የት በደረስን ነበር።»

እኔ ጎንበስ ብዬ የእንስራውን ሆድ እያየሁ ነበር። ወገቡ ላይ ዓይን የማይሞላ ቀበቶ አለ።

እናቴ እንስራ ስትሠራ የተሰበረ ገል ፈጭታ ከጭቃው ጋር ታቦካዋለች። ጭቃውን እንደ ገመድ ታድበለብልና አንዱን ባንዱ ላይ ትደርባለች። ዕቃው አይዞርም፤ የምትዞረው እሷ ናት፤ ጎንበስ ብላ፣ ወደ ኋላ እየተራመደች። ሆዱ ላይ ስትደርስ ታቆማለች። ካላቆመች በራሱ ክብደት ቁጭ ይላል። ጥላ ውስጥ ታሳድረውና በማግስቱ ትቀጥላለች። የመጀመሪያው ቀን ጭቃ ከሁለተኛው ቀን ጭቃ የሚጋጠምበት ቦታ፣ የቱንም ያህል በልሙጥ ጠጠር ብታሸው፣ ቀበቶው ይቀራል። ልጅ ሆኜ በጣቴ እየዳሰስኩ «እዚህ ላይ አድረሻል» እላት ነበር። ትስቃለች።

ጃፓናዊውም እዚያው ላይ አድሯል።

ጠባቂው ራቅ በሉ አለኝ። ቀና ስል ከአፌ አመለጠኝ። «ይህ በሁለት ቀን የተሠራ ነው» አልኳት ለህሊና፤ «እዚህ ላይ አድሮ ነው አንገት የወጣለት።» ህሊና ለሴትዮዋ ነገረቻት። ሴትዮዋ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ልክ ነው፣ በእጅ እየደረቡ፣ እያሳደሩ ነው የሚሠሩት፤ ይህን ሳልነግረው ያየ ጎብኚ ግን አጋጥሞኝ አያውቅም፤ እንዴት አወቁ አለች። ልጄም «አባዬ፣ እንዴት አወቅክ?» አለችኝ።

የቀደሙኝ አቶ ግርማ ናቸው። ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፣ እየሳቁ «ይህን የሚያውቅ ጠይብ ብቻ ነው» አሉ። «አቶ ለማ፣ እርስዎም ቡዳ ነዎት እንዴ?»

ቀልድ ነው። ምንም ተንኮል የለበትም። አብሬ ብስቅ ያልፍ ነበር፤ እንስራውን ትተን ወደ በሩ እንሄድ ነበር፤ በሳምንቱ ሽማግሌ ይመጣ ነበር። ይህን ሁሉ እዚያው ቆሜ አስቤዋለሁ።

«አቤት» አልኳቸው።

ሰው ስሙ ሲጠራ እንደሚለው ነው ያልኩት። አልገባቸውም፤ ሳቃቸው ፊታቸው ላይ እንዳለ ቀረ።

«አቤት» አልኩ ደግሜ። «እናቴ ሸክላ ሠሪ ነበረች። ዘነበች ተክሌ ትባላለች። እርስዎ አሁን ጥበብ ያሉትን ስትሠራ ነው የኖረችው። ከዚያ ዘር ነኝ። ይቺ ልጅም የልጅ ልጇ ናት።»

አስጎብኚዋ ምን እያለ ነው ብላ ወደ ህሊና አየች። ህሊና አልተረጎመችላትም። ወደ እኔ ብቻ ታያለች።

አቶ ግርማ ክርኔን ይዘው ወደ መስኮቱ ወሰዱኝ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ይህን ከእኛ ሌላ ማንም አልሰማም አሉኝ። እህቶቼ ቢሰሙ ይህ ጋብቻ ይፈርሳል፤ የእናትዎን ወገን ገበሬ ብለን እንሙላውና ነገሩ እዚሁ ይቅር አሉ። አዝነውልኝ ነው፤ አውቃለሁ።

«ወረቀቱን የምሞላው እኔ ነኝ» አልኳቸው፤ «ሸክላ ሠሪ ብዬ። እንዲያ ሆኖ የሚመጣ ሽማግሌ ይምጣ። ካልመጣ ይቅር።»

«በልጅዎ ላይ ይፈርዳሉ?» አሉኝ።

ከሁሉ ያመመኝ እሱ ነው። የምትታጨው እሷ እንጂ እኔ አይደለሁም።

ስንመለስ መኪና ውስጥ ለህሊና ሁሉንም ነገርኳት፤ የአውቶቡሱንም፣ «ያገሬ ሰው ናት» ያልኩትንም። ሀይዌይ ላይ ስለነበርን ፊት ለፊቷን እያየች ሰማችኝ። ነገርሽን አበላሸሁብሽ ልላት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

«ለዛሬው ሶሪ እንዳትለኝ» አለች። «እስከዛሬ ስላልነገርከኝ ሶሪ በለኝ። ለዛሬው ግን እንዳትል።»

ትንሽ ነዳችና «ሶ፣ እኔ ቡዳ ነኝ ማለት ነው?» አለችኝ።

«ሩብሽ» አልኳት። ሳቀች። ሳቋና ዕንባዋ አንድ ላይ መጣ፤ እኔም ቀስ ብለሽ ንጂ አልኳት።

ዳዊት ሲሰማ ምንም አልመሰለውም። ያለ ሽማግሌ እንጋባ፣ እኛን ማን ይጠይቀናል አላት። እሷ ናት እምቢ ያለችው። «የአባቴን እናት ለመደበቅ ብዬ በጓሮ በር አላገባም፤ ሽማግሌው በፊት በር ይምጣ» አለችው። ይህን ስትል ከወዲያኛው ክፍል ሰምቻታለሁ። የእኔ ልጅ፣ አማርኛዋ ሦስት ዓመቷ ላይ የቀረው።

ሦስት ሳምንት ስልክ አልተደወለም። ቤተ ክርስቲያን አቶ ግርማ ከሩቅ አንገታቸውን ሰበር አድርገው ሰላም ይሉኛል፤ አይቀርቡም። አልተጨነቅኩም ብል ውሸት ነው። ህሊና ከሥራ ገብታ ስልኳን አየት አድርጋ ገልብጣ ስታስቀምጠው አያት ነበር። ወረቀቱን ግን ሞላሁት። ከዘነበች በላይ ተክሌን፣ ከተክሌ በላይ እናቴ ጭቃ ስትረግጥ የምትጠራቸውን አያቶቿን ሁሉ፤ በየስማቸውም ጎን ሙያቸውን።

በአራተኛው ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። እንደ ደንቡ ቆመው ነው የሚናገሩት፤ እሺ ሳይባሉ አይቀመጡም፣ አይቀምሱም። ከመናገራቸው በፊት ወረቀቱን አንስቼ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ሸክላ ሠሪ የሚለውን ሳላሳንስ አነበብኩት። ትልቁ ሽማግሌ «ሰምተናል፤ ሰምተን ነው የመጣነው» አሉ።

«እንግዲያው ከምንም ነገር በፊት ከእጄ ውሃ ጠጡልኝ» አልኳቸው።

ወደ ማድ ቤት ገብቼ ቀዳሁ። ህሊና ልታግዘኝ ስትነሣ ተቀመጪ አልኳት። ከእሺታ በፊት አይቀመስም፣ ደንብ አፈረስክ ይሉኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ትልቁ ተቀብለው ጠጡ። ሁለተኛውም ጠጡ። ሦስተኛው ብርጭቆውን ትንሽ አየት አደረጉና እሳቸውም ጠጡ። ያኔ ተቀመጡ አልኳቸው።

ሽማግሌዎቹን ነድተው ያመጧቸው አቶ ግርማ ነበሩ። አባት አብሮ አይገባምና ታች መኪና ውስጥ ይጠብቃሉ። አንድ ብርጭቆ ጨምሬ ቀዳሁና ደረጃውን ወረድኩ። ውሃው እንዳይፈስ ቀስ ብዬ ነው የወረድኩት።

ሲያዩኝ መስኮቱን ዝቅ አደረጉ። ያን ሃያ ሁለት ዓመት በመኪና መስኮት ስዘረጋ የኖርኩትን እጅ ዘረጋሁ። ወደ ብርጭቆው አዩ፤ ወደ እጄ አዩ። ሞተሩ እየሠራ ነው። እጄን አላጠፍኩም። ቢያስፈልግ ቀኑን ሙሉ እቆም ነበር።

ተቀበሉኝ። ሁለቴ ጎንጨት አደረጉና ብርጭቆውን አጠገባቸው፣ የኩባያ ማስቀመጫው ላይ አኖሩት። «ቀዝቃዛ ነው» አሉ። ሽማግሌዎቹ ሲወርዱ ከነብርጭቆዬ ነድተው ሄዱ። እስከ ዛሬ አልመለሱልኝም፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም።

ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ነው። ከእህቶቻቸው አንዷ አልመጣም ብላለች አሉ፤ አትምጣ። አቶ ግርማ ያን ውሃ ከልባቸው ይጠጡት፣ ለልጃቸው ሲሉ ይጠጡት አላውቅም። ልመረምራቸውም አልፈልግም። ይቅርታ የምጠይቃት አንዲት ሴት ናት፤ እሷም ሸክላ ሠሪ ነበረች።

ሙዚየሙን አሁን ለምጄዋለሁ፤ ህሊና ሥራ በማትገባበት ቀን ታደርሰኛለች። አሮጊቷ ለእንግዶች ቡዳ፣ ቡዳ እያለች ስታስረዳ፣ እኔ በልቤ አቤት እያልኩ አልፌ ወደ እንስራው እሄዳለሁ። ከሥሩ አሁንም የሠሪው ስም አይታወቅም ይላል። ለዚያ ሰው አዝንለታለሁ። እናቴ አዝላ ያመጣችልኝ እንስራ ጋራዡ ውስጥ ተሰብሮ ቀርቷል፤ የትም ቤት አልቆመም። ስሟ ግን ይታወቃል። አበሻ ሲመጣ ካየሁ ጠጋ ብዬ ወገቡ ላይ ያለውን ቀበቶ አሳየዋለሁ፤ ከየት አወቅኸው ሲለኝም ዘነበች ተክሌ አስተማረችኝ እለዋለሁ። ማን ናት ብሎ ከጠየቀኝ መልሱ አሁን አለኝ።

ያገሬ ሰው አይደለችም። እናቴ ናት።